ሁለተኛው አባል

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለአገኘሽ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያሳደጉኝን የአክስቴን የእማማ ስርጉትን ጉልበት፣ የልጅሽን የመቅዲን ትምህርት፣ የከተማችንን የገንዳ ውሃን ሙቀት ሳይቀር እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከብርዱ በቀር የምከሰው የለኝም። ኔትወርኩ መጥፋት ካበዛ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጃለሁ። በስልክ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን ከምንዘጋው ይሄ ይሻላል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የዛሬው ደብዳቤ ምክር ፍለጋ ነው፤ እንዳትስቂ። ብስኩት ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ ካራቫኑን ሰጠኝ። ካራቫን ማለት በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። ሁለት አልጋ፣ ምድጃና መስኮት ከነመጋረጃው አለው። የዚህ አገር ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ከመኪናው ኋላ ያስረውና ገጠር ወርዶ ሜዳ ላይ ያድርበታል። ቤት አጥቶ አይደለም፤ መዝናናት ነው አሉ።

አሁን ያስቸገረኝ የካራቫንና የካምፒንግ ክለቡ ነገር ነው። አባል ከሆንሽ ማደሪያው ይረክሳል። ከአምስት ካራቫን በላይ የማያስገቡ፣ ለአባል ብቻ የሚከፈቱ የገበሬ ማሳዎች አሉ። ኢንሹራንሱም ይቀንሳል፤ ካራቫን ጎትቶ ወደ ኋላ መንዳት ለማይችልም ያስተምራሉ። እኔ አልችልም፤ ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን አጥር ገጭቼ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። ግን በዓመት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ካልወጣሁበት ክፍያው ኪሳራ ነው። ስድስት ጊዜ ሙሉ ብቻዬን ሜዳ ላይ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ? ቅጹ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ያለ ክፍያ ማስመዝገብ ይቻላል ይላል። ሁለተኛ ሰው የለኝም። ያን መስመር ባዶ ትቼ መፈረም ቅር አለኝና ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆነው።

ማሩ ቢኖር ኖሮ በአንድ ቃል ይቆርጥልኝ ነበር። ባልሽ ነውና ምን እንደሚለኝ አንቺ አታጪውም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድምሽ አዛናው


ገንዳ ውሃ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአዛናው፤

የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ አይለይህ። እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አፋቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። መቅዲ ስድስተኛ ክፍል ገብታ እኔን ማረም ጀምራለች። ደብዳቤህን የጎንደሩ አውቶቡስ ሹፌር ትምህርት ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ።

አትሳቂ ስላልከኝ ይበልጥ ሳቅሁ። እዚህ ለሰሊጥ አረም የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ካምፕ የሚያድሩት ቀጣሪው ቤት ስለማይሰጣቸው ነው። እናንተ ቤታችሁን ቆልፋችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ሜዳ ላይ ትተኛላችሁ። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው አንዷ እጇን አውጥታ ወባ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። የለም ብያታለሁ፤ ካለ ጻፍልኝ።

«ማሩ ቢኖር ኖሮ» ብለህ ጽፈሃል። ለእናቱ ለእማማ ሳነብላቸው ያን ዘለልኩት። ሚያዝያ ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ለትራክተሩ መለዋወጫ ሊገዛ በመተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ገዳሪፍ ሄደ፣ በሳምንቱ የሱዳኑ ጦርነት ፈነዳ፣ አንድ ጊዜ በሰው ስልክ ደውሎ «ድንበሩ እንደተከፈተ እመጣለሁ» አለኝ፣ በዚያው ድምፁ ጠፋ። አንተ ይህን ታውቀዋለህ። ለሽማግሌዎች በየሳምንቱ ስለምደግመው ነው አፌ የለመደው። ዘመዶቹ ለቅሶ ይቀመጥ፣ ፍትሐት ይደረግ፣ አንቺም ጥቁርሽን ልበሽ ይሉኛል። እማማ እሺ አላሉም። እኔም አላልኩም። ሞቱን ማን አየ?

የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችንን ሥርዓት ሳትረሳው አትቀርም። ግማሹ አባል ከሰኔ እስከ ኅዳር ሰሊጥ ማሳ ላይ ስለሚከርም በየወሩ በ27 ስም ይጠራል። በረሃ ለወረደው ከቤቱ ሰው ተነሥቶ «መንገድ ላይ ነው» ይልለታል፤ ዳቦና ጠላውም ተከድኖ ይቀመጥለታል። ለሞተ ሰው ግን ማንም አይመልስም። ዝም ሲባል የማኅበሩ ሙሴ አቶ ማተቤ ስሙን ይሰርዛሉ። እኔ ሃያ ሁለት ወር ሙሉ ተነሥቼ «መንገድ ላይ ነው» ብያለሁ። ባለፈው ወር አቶ ማተቤ ስሙን ጠርተው ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን ያ ብዕር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለ ክለቡ የምልህ ይህ ነው፤ ግባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፋብሪካ ተመላልሰሃል፤ ሜዳም እይ። ሁለተኛው ስም ያለ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ማሩን ጻፈው። እዚህ ሊሰርዙት ብዕር ይዘው ሲጠብቁኝ፣ እዚያ አንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይቆይልኝ።

ለመቅዲ ቁጥር 36 የስፖርት ጫማ ብታገኝላት ደስ ይላታል። አደራ ውድ አትግዛ።

እህትህ አገኘሽ


ሊድስ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ለእማማ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የመቅዲን ጫማ ጎንደር ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ። ወባ የለም፤ በጉ ግን ለጉድ ነው።

እንዳልሽው ገባሁ። የማሩን ስም ከእኔ በታች ጻፍኩት፤ በሳምንቱ ሁለት ካርድ በአንድ ፖስታ ላኩልኝ። የእኔን ኪሴ ከተትኩ፣ የእሱን ከነፖስታው የወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያን ለታ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ከሊድስ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የበግ አርቢ ማሳ ነው። መንገድ ስቼ ስዞር ቆይቼ ወደ አሥር ሰዓት ደረስኩ። የማሳው ባለቤት ቀይ ጸጉር ያላት ደግ ሴትዮ ነች። ስሜን ነግሬያት መዝገቧን ገለጠችና «ጓደኛህ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነው፤ አራት ቁጥር ማቆሚያን መርጧል» አለችኝ። ብቻዬን ነኝ ብላት መዝገቡን አዙራ አሳየችኝ። የማሩ ስም ከነአባል ቁጥሩ ሰፍሯል። ካርዱን አሳይቷት ነው የጻፈችው። ካርዱ ደግሞ፣ አገኘሽ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ስመለስ አይቼዋለሁ፣ ከነፖስታው እንዳስቀመጥኩት ነው።

ተሳስታ ይሆናል ብዬ ወደ አራት ቁጥር ሄድኩ። ማንም የለም። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሏል፤ ጣቶቼ ቆርፍደው ካራቫኑን መፍታት እንኳ አቅቶኛል። የውሃ ቧንቧው አጠገብ በጥላው በኩል አንድ ጀሪካን ቆሟል። ጀሪካኑ በእርጥብ ኬሻ ተጠቅልሎ በጎማ ቁራጭ ታስሯል። ማሩ ትራክተር ሲነዳ ውሃው እንዲቀዘቅዝለት እንዲያ ነበር የሚጠቀልለው፤ በጥርሱ ነክሶ ነበር ጎማውን የሚያጠብቀው። በዚህ አገር በዚህ ወር ውሃ ማቀዝቀዝ የሚያምረው ሰው የለም። ኬሻም የለም። ሴትዮዋን ጠየቅኋት፤ የእሷ አይደለም። የሌሎቹም እንግዶች አይደለም። እጄን ዘርግቼ ልነካው ፈልጌ አልደፈርኩም።

ጠዋት ስነሣ ጀሪካኑ የለም። ሳሩ ላይ ክብ ጭቃ ብቻ ነበር። የሆነ ሰው እየቀለደብኝ ይሆናል እላለሁ፤ ግን በእንግሊዝ ማሩን የሚያውቅ ማን አለ? ለእማማ አትንገሪያቸው።

ወንድምሽ አዛናው


ገንዳ ውሃ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአዛናው፤

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ። ደብዳቤህ ጎንደር ላይ አንድ ወር ተቀምጧል፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እኔ እጅ የገባው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

አንተ የሄድክበት ቅዳሜ መጋቢት 27 ነበር። ማኅበር ላይ ነበርን። አቶ ማተቤ የማሩን ስም የጠሩት ልክ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜም ቢሆን የትምህርት ቤቱ ጠባቂ የሰዓቱን ደወል ሲደውል ሰምቼዋለሁ። በበጋችሁ የእናንተ ሰዓት ከእኛ በሁለት እንደሚያንስ የነገርከኝ አንተ ነህ። እስቲ አስላው። እኔ «መንገድ ላይ ነው» ስል እዚያ ሰባት ሰዓት ነበር።

ያን ቀን ከሌላው ጊዜ ጮክ ብዬ ነበር የመለስኩት። አቶ ማተቤ ሳል ይዟቸው እንዳይሰሙኝ ፈርቼ።

አሁን የምለምንህን አድርግልኝ። በ27 ቀን ውጣ። ሌላ ቦታ ሂድና ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ ጠይቅ። ካዩት ምን ለብሷል? ከስቷል? ምን አላቸው? ኬሻው ቀይ መስመር ነበረው ወይስ አልነበረውም? የእኛዎቹ ኬሻዎች ቀይ መስመር አላቸው። ገንዘብ አትላክልኝ፣ ዕቃም አትላክልኝ። ወሬውን ብቻ ጻፍልኝ። መፍራት ሲገባኝ ደስ ብሎኛል፤ ኀጢአትም ከሆነ እቀበላለሁ።

ለእማማ አልነገርኳቸውም። ግን ደብዳቤህን ሳጥፍ ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር።

የመቅዲ ጫማ ደርሷል። ልክ ነው። ሳላመሰግንህ ልዘጋው ነበር።

አገኘሽ


ሊድስ
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ወንዙ ሞልቶ መንገድ እንዳልቆረጠባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ሰኔ 14 ወጥቼ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልነበረም። ቦታዬን ሰጡኝ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ተመለስኩ። እንዲያውም ተዝናናሁ። ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰኝና በሰኔ 27 ባሕር ዳርቻ ያለ ሌላ ካምፕ ሄድኩ።

ጠባቂው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ስሜን ሳልጨርስለት «ያኛው ሰባት ሰዓት ላይ ገባ» አለኝ። ምን እንደሚመስል ጠየቅሁት። ረጅም፣ ጥቁር፣ እጅጌው የተጠቀለለ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ጭቃ የነካው፤ ከስቷል አለኝ። ያ አገር ነጭ አሸዋ ነው። ጥቁር ጭቃ የለውም። ቢሮው ደጃፍ ላይ ግን የጫማ ጭቃ ደርቆ አይቻለሁ፤ አንስቼ በጣቴ ፈጨሁት። የእኛው መረሬ አፈር ነው። ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሰውዬው እየሳቀ አንድ ነገር ነገረኝ። ማሩ «ድንበሩ ተከፍቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆታል። ሰውዬው የጎረቤቷን የዌልስን ድንበር የሚል መስሎት ሁልጊዜም ክፍት ነው ብሎታል። አመስግኖት ሄደ አለ። አብሬው ለመሳቅ ሞክሬ ወጣሁ።

በዚህ ጊዜ ኬሻውን አላየሁትም። የመጀመሪያው ቀይ መስመር የነበረው ይመስለኛል፤ ግን ጠይቀሽኝ ይሁን አይቼው ይሁን አሁን መለየት አልችልም።

በሐምሌ 27 ደግሞ ወደ ሰሜን ራቅ ብዬ ሄድኩ። ለአንድ ሰው እንኳ ወዴት እንደምሄድ አልነገርኩም። እዚያ ያገኘሁት አሮጊት ጠባቂ ተቆጣችኝ። ጓደኛህ ታሟል፣ ለምን ብቻውን ላክኸው አለችኝ። ወንበር አውጥታ ብትሰጠው አልተቀመጠም። «መቀመጥ አልተፈቀደልኝም» አላት። የጫማው ተረከዝ አልቆ እግሩ መሬት ይነካል። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቆሞ በሩን በሩን ሲያይ እንደነበር ነገረችኝ። ሄጄ ሳየው ሳሩ በሁለት እግር ልክ ተደፍጥጧል። ወደዚያ የሚወስድ ዱካ አለ፣ የሚመለስ የለም።

እኔ አንድም ጊዜ አላየሁትም። እንደማየው ተስፋ አድርጌ እሄዳለሁ፣ እንዳላየው እየጸለይኩ እደርሳለሁ። ግን እሱን አልፈራሁትም፤ ለእሱ ነው የፈራሁት። በየወሩ እየባሰበት ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን በእግሩ ያቆምነው እኛ ሳንሆን አንቀርም። አንቺ በቃልሽ፣ እኔ በወረቀቴ።

አባልነቱ መቼም ቢገቡ በጥር መጨረሻ ይታደሳል። ቅጹ ላይ ሁለታችንም አለን። ስሙን ልተወው ወይስ ላውጣው? እኔ አልቆርጥም፤ አልችልም። ሚስቱ ነሽና ፍርዱ ያንቺ ነው።

አዛናው


ሊድስ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። መልስሽ ከቀረ ሁለት ወር ተኩል ሆነ። ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ ብዬ በአጭሩ እደግመዋለሁ፤ ማሩ እየደከመ ነው።

በመስከረም 27 መጀመሪያ የሄድኩበት የበግ ማሳ ተመለስኩ። ያቺ ቀይ ጸጉር ያላት ሴትዮ በዚህ ጊዜ መዝገቡ ላይ አልጻፈችውም። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግባ ብትለው አልገባም። የበሩን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ እግሩን ማንሳት አቃተው። ሻይ ይዛለት ስትመለስ የለም። ለእኔ ስትነግረኝ አለቀሰች።

ገንዘብ ከፈለግሽ ንገሪኝ። ጥቁር መልበስ ካልፈለግሽም አልፈርድብሽም። ብቻ አንድ ነገር ጻፊልኝ።

አዛናው


ገንዳ ውሃ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአዛናው፤

የእማማ ምርቃት ይድረስህ፤ ዕድሜህን ያርዝመው፣ መግቢያህን ያሳምረው ብለውሃል። ይህን ራሳቸው አስጽፈውኝ ነው።

ደብዳቤዎችህ ሁለቱም ደርሰውኛል። የነሐሴውን በመስከረም አግኝቼ የትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ውስጥ ደበቅኩት። እያወቅሁ ነው በመስከረምም በጥቅምትም ተነሥቼ የመለስኩት። ካልመለስኩ መበለት መሆኔ ነው። አንድ ቃል ነች፣ እሷን ካልኩ ባሌ በሕይወት አለ፣ ልጄም አባት አላት። እግሩ እንዳለቀ አንብቤ፣ አለመቀመጡን አንብቤ፣ ደግሜ «መንገድ ላይ ነው» አልኩ። ይህን ለካህን ነግሬያለሁ። አሁን ለአንተ ነገርኩህ።

ያጋለጠችኝ መቅዲ ናት። ደብተሬን ስትፈልግ አገኘቻቸው። እማማ አስቀምጠው ሁሉንም አስነበቧት፣ እኔ ከገበያ ስመለስ የመጨረሻውን እየጨረሰች ነበር። እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይተኛል ወይ፣ ልጄ?»

«አይቀመጥም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነስ የገዛ ልጄን አቁሜዋለሁ» አሉ። እራት አልበሉም።

በኅዳር 27 ጉልበታቸውን ይዘው በባጃጅ አብረውኝ መጡ። ስሙ ተጠራ። አፌ ከልምዱ የተነሣ ሊከፈት ሲል እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ። እጃቸው አልያዘኝም፣ ተቀመጠብኝ ብቻ። አቶ ማተቤ ጠበቁ። ደግመው ጠሩት፤ እሳቸውም አልቻሉም መሰለኝ ሦስተኛ ጠሩት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ከዚያ ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁ። ለቅሶውን የጀመሩት እማማ ናቸው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሰው ከመተማ ዮሐንስም ከጎንደርም መጣ። አብዱረሕማንም መጣ፤ ከማሩ ጋር ሰሊጥ ይጭን የነበረው፣ ከድንበር ማዶ የገላባት ነጋዴ። ድንኳኑ ሥር ሁለት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሲሰናበተኝ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። የማሩን ሞት ካወቀ የቆየ ይመስለኛል። ለምን አልነገርከኝም አላልኩትም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ጥቁሬን ለብሻለሁ። እንደፈራሁት አይደለም። ከለቅሶው በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያላየሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ስሙን ከክለቡ አውጣው። አንተ ግን ከወደድከው አድሰህ ውጣበት፤ ለብቻህም ቢሆን አየሩ ይጠቅምሃል። ሌላም የምሥራች አለኝ። የማሩ ቦታ ባዶ እንዳይቀር እማማ አንተን አስገብተውሃል። የቀረኝ ወንድ ልጅ እሱ ነው ብለው አቶ ማተቤን ያን ቀን ነው ያስጻፏቸው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ስምህ ይጠራል። አታስብ፣ እኔ ተነሥቼ እመልስልሃለሁ፣ ድርሻህም ይቀመጥልሃል።

እህትህ አገኘሽ


ሊድስ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገኘሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቅዲንም ያሳድግልሽ። ለማሩ እዚህ ካለች ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አብርቼለታለሁ፤ አልቅሻለሁም። ማረፉን ስሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከእናቱ እጅ የተሻለ እጅ ያን ነገር ሊያደርግለት አይችልም ነበር።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ግን ዘግይቼ ነው። ታኅሣሥ 27 ቀን ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ወጣሁ። የማደሻው ቅጽ መጥቶ ነበርና ከመፈረሜ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ማሩን ልፈልገው ብዬ ወደ በግ ማሳው ሄድኩ። በረዶ ጥሎ ነበር። ከእኔ በቀር ካራቫን የጎተተ እብድ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ደረስኩና ቢሮ ገባሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ መልሳ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ።

ጓደኛዬ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እሱ አልመጣም» አለች። «አንተ ነህ የመጣኸው። በስድስት ሰዓት። አራት ቁጥርን ራሴ ሰጥቼሃለሁ።»

መዝገቡን አዞረችልኝ። ስሜ ነው። ፊርማው የእኔ ነው፤ እንደሱ የሚመስል ብዬ አልጽፍልሽም፣ የእኔው ነው። ብዕሩ አልጻፍ ሲለኝ አንድ ጊዜ ጫር የማደርጋትን እንኳ አድርጌያለሁ። በክረምታችን የእኛ ሰዓት ከእናንተ በሦስት ያንሳል፤ አንቺ ተነሥተሽ የመለስሽልኝ ሰዓት ነው። ይህን ያሰላሁት ግን በኋላ ቤቴ ገብቼ ነው።

ወጥቼ ቆምኩ። ከበሩ እስከ አራት ቁጥር ድረስ በረዶው ላይ የአንድ ሰው ዱካ ሄዷል። እግሬን አንዱ ላይ አሳረፍኩ፤ ልኬ ነው፣ የግራው ተረከዝ እንደ ጫማዬ አንድ ወገን ተበልቷል። አራት ቁጥር ከዛፎቹ ኋላ ስለሆነ ማን እንደቆመበት ከዚያ አይታይም። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድኩም። ካራቫኑን ሳልፈታ አዙሬ ወጣሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ በትክክል ነዳሁት። ቤቴ ስደርስ ደብዳቤሽ በበሩ ሥር ተጥሎ አገኘሁት።

አልቀየምኩሽም፣ ይህን እወቂልኝ። ፍቅር ነው ያደረጋችሁት። እማማ ልጄ ማለታቸውን ሳነብ የተሰማኝን ልጽፈው አልችልም። ደግሞ የምትመልሺልኝ ቃል ውሸት አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሲጠይቁኝ ሁሉ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» እያልኩ ሃያ አንድ ዓመት። መኖሪያዬ እዚህ ነው አላልኩም፣ አገሬም አልገባሁም። መቀመጥ የተፈቀደልኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ ቆሜ ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ የጠየቅኩሽን መልሱን አገኘሁት፤ ክለቡ አያዋጣም። ቅጹን ቀድጄ ጥያለሁ፣ ሁለቱንም ካርድ መልሼ ልኬያለሁ። ካራቫኑን ልጆች ላሉት ለፋብሪካው ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁሉንም ነገር ነግሬው ሳቀብኝ፣ ሳቁን ወደድኩለት። ፋብሪካውን ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቻለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቴ ለየካቲት 20 ነው፤ ከጎንደር በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ መንገዱ ከተዘጋም እስኪከፈት ጎንደር እጠብቃለሁ እንጂ አልመለስም።

ጥር 27 ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ያልፋል። ያን ቀን በሬን ቆልፌ ቤቴ እውላለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚያስነሣኝ ነገር ቢመጣም አልነሣም። ያን ካለፍኩ የሚቀረው ቀላል ነው።

እማማን አደራ። በየካቲት 27 አቶ ማተቤ ስሜን ሲጠሩ አንቺ እንዳትነሺ። እኔው እመልሳለሁ።

ወንድምሽ አዛናው